በረዶ የመታው ማሳና ዘዳግም 28

ጥያቄው የመጣው ከቢቸና ወጣ ብላ ካለች የገጠር ቀበሌ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላል፤ «መምህር፣ አባቴ ጾም የማይገድፍ፣ አሥራቱን የማያስቀር ገበሬ ነው። በመስከረም መጨረሻ በረዶ መጥቶ አሽቶ የነበረውን ጤፋችንን ከመሬት ጋር አስተካከለው። በድንበር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን ቤተ ክርስቲያን በዓመት አንዴ እንኳ አይረግጥም፤ ከእሱ ማሳ ግን አንድ ዘለላ አልረገፈም። ይባስ ብሎ ታናሽ ወንድሜ በነሐሴ ሚካኤል ሲያርም ታይቷል ተባለና ሽማግሎቹ ‹በረዶውን ያመጣችሁብን እናንተ ናችሁ› አሉን። አባቴን 1,000 ብር ቀጡት። አንድ ሰባኪም ዘዳግም 28ን አነበበና ‹ያልታዘዘ እንዲህ ይሆናል› አለ። መጽሐፉ በእርግጥ እንዲህ ይላል? መታዘዝና በረከትስ የሚያያዙት እንዴት ነው?»

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናናችሁ። ያደግሁት ጮቄ ተራራ ሥር ስለሆነ በረዶን አውቀዋለሁ። የእኛ ገብስ በተመታበት ዓመት አባቴ በማግስቱ ጠዋት ድንበሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ የተሰበረውን አገዳ አንድ አንድ እያነሣ ያገላብጠው ነበር። በትልሙ ውስጥ ገና ያልቀለጠ በረዶ ነበረ፤ እንደ ባቄላ ያለ። ጎረቤቶች አንድ በአንድ መጡና አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። ረፋዱ ላይ እናቴ ቡና ይዛ እስክትመጣ ድረስ የተናገረ ሰው አላስታውስም። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህና ከዚያ እንፈታዋለን። መጽሐፉ «ብትሰማ ትባረካለህ» ይላል። «በረዶ የመታው ሁሉ ያልሰማ ነው» ግን አይልም። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ዝናብ ከዘነበ ደጁ ይርሳል፤ ደጁ ርሶ ስላየህ ብቻ ግን ዘንቧል አትልም፤ የጎረቤት ቦይ ሰብሮ ሊሆን ይችላል። ዘዳግም 28 የተጻፈው ወደፊት እንዲነበብ ነው። የእናንተ ሰዎች ከጥፋቱ ተነሥተው ወደ ኋላ አነበቡት። ጥፋታቸው እዚያ ላይ ነው።

ከቃሉ እንነሣ። የዕብራይስጡ መጽሐፍ «መታዘዝ» ለሚባለው ነገር ብቻ የቆመ ግሥ የለውም። የሚጠቀመው «ሻማዕ»ን ነው፤ የእኛው «ሰማ» ነው፣ ፊደሉም ዘሩም አንድ ነው። እናት «ይህ ልጅ አይሰማም» ስትል ጆሮው ደንቁሯል ማለቷ አይደለም፤ ዕብራይስጡም የሚናገረው እንደዚያ ነው። በዘዳግም 6:4 «ሽማዕ ይስራኤል»፣ እስራኤል ሆይ ስማ ይላል። የዘዳግም 28 መነሻም «ኢም ሻሞዐ ቲሽማዕ» ነው፤ ቃል በቃል «መስማትን ብትሰማ» እንደማለት ነው። ሳሙኤል ሳኦልን «መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል» ሲለው (1ኛ ሳሙኤል 15:22) እዚያም ያለው ቃል መስማት ነው። ይህን የማነሣው ለቋንቋ ጨዋታ አይደለም። «ታዘዘ» የሚለው ቃላችን የጌታና የሎሌ ጠረን አለው፤ አዛዥ አለ፣ ታዛዥ አለ፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ አለ። «ሰማ» ውስጥ ግን ደመወዝ የለም። የሚሰማ ሰው የተናጋሪውን ድምፅ ያውቃል፣ ይቀርበዋል። (በቆሎ ተማሪነቴ ለምድ ደርበን በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል፣ አንዱ ቀልደኛ ጓደኛችን «ግእዙ ‹ስለ ስሟ› ይላል፤ የቤቱ ባለቤት ግን ‹ስማ!› የተባለ መስሎት ነው ቁራሽ የሚያወጣው» ይል ነበር። ቅኔ ቤት ያደገ ልጅ ኅብር፣ ሁለት ፍቺ ያለው ቃል፣ ካገኘ አይምርም።)

«በረከት»ም እንዲሁ ነው። ያዕቆብ ወንድሙን ዔሳውን ባገኘው ጊዜ መንጋውን እየሰጠው «በረከቴን ተቀበል» ይለዋል (ዘፍጥረት 33:11)፤ ስጦታዬን ማለቱ ነው። እኛም «ገጸ በረከት» የምንለው ስጦታን ነው። ዕብራይስጥ ለደመወዝ ሌላ ቃል አለው፣ «ሳኻር» ይባላል። ዘዳግም 28 ግን ብትሰማ ይመጡልሃል ያላቸውን ነገሮች የጠራቸው በረከቶች ብሎ ነው።

የነገሩንም ቅደም ተከተል ተመልከት። በዘፍጥረት 1:28 እግዚአብሔር ሰውን ባረከና «ብዙ፣ ተባዙ» አለ። ሰው የሰማው የመጀመሪያው ትእዛዝ ራሱ ምርቃት ነበር። አብርሃም በምዕራፍ 12 የበረከት ተስፋ ሲሰጠው ገና አንድ እርምጃ አልተራመደም፤ «ቃሌን ሰምተሃልና» የተባለው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በምዕራፍ 22 ነው። ዐሥርቱ ትእዛዛት የሚጀምሩት «አታድርግ» በሚለው አይደለም፣ «ከግብፅ ያወጣሁህ እኔ ነኝ» በሚለው ነው። ዘዳግም ራሱ በምዕራፍ 9 ከቁጥር 4 እስከ 6 ድረስ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ምድሪቱን የምትወርሳት ስለ ጽድቅህ አይደለም ይላል፤ እንዲያውም አንገተ ደንዳና ሕዝብ ነህ ብሎ ይጨምርበታል። ሰባኪው ምዕራፍ 28ን ሲያነብ ምዕራፍ 9ን ዘሎ ነው የደረሰው።

አሁን ወደ ምዕራፍ 28 እንግባ። 68 ቁጥሮች አሉት። በረከቱ 14 ቁጥር ነው፤ የቀረው 54ቱ እርግማን ነው። አንባቢን የሚያስደነግጠው ይህ መበላለጥ በዘመኑ እንግዳ አልነበረም። በጥንቱ የምሥራቅ ዓለም ነገሥታት ከገባሮቻቸው ጋር ውል ሲዋዋሉ በመጨረሻው ላይ የእርግማን ዝርዝር ያስገቡ ነበር። የአሦሩ ንጉሥ አስራዶን በ672 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት አልጋ ወራሹን እንዲቀበሉ ገባሮቹን ያስማለበት ውል በሸክላ ላይ ተጽፎ ዛሬም አለ፤ እዚያም ላይ እርግማኑ ይንዠቀዠቃል፣ ሰማዩ እንደ ናስ ምድሩም እንደ ብረት ይሁንባችሁ የሚለው ሳይቀር። ዘዳግም 28:23 ላይ ያንኑ ታገኘዋለህ። ከዚህ የምንረዳው ምዕራፉ የውል ጽሑፍ መሆኑን ነው፤ አንድ ሕዝብ በሙሉ ቆሞ የሚምልበት። ማን እንደበደለ ለመለየት የተዘጋጀ የምርመራ መዝገብ አይደለም።

«ግን እኮ ‹አንተ› ነው የሚለው» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ዕብራይስጡም በነጠላ «አንተ» ነው የሚለው። ግን ይህ «አንተ» ማን እንደሆነ ከተስፋው ራሱ ይታወቃል። ቁጥር 12 «ለብዙ አሕዛብ ታበድራለህ» ይላል። የትኛው የቢቸና ገበሬ ነው ለአሕዛብ የሚያበድረው? በቁጥር 7 ደግሞ ጠላቶችህ በአንድ መንገድ መጥተው በሰባት መንገድ ይሸሻሉ ይላል። «አንተ» የተባለው እስራኤል ነው፤ እንደ አንድ ሰው የተቆጠረ ሕዝብ። እንቅቡና ቡሃቃው (ቁጥር 5) የየቤቱ ነው፤ ሰማዩ ግን የጋራ ነው። በምዕራፍ 11:13 ላይ ስለ ዝናቡ ሲናገር ሰዋስዉ ራሱ ወደ ብዙ ቁጥር ይዞርና «ብትሰሙ» ይላል።

ይህን ምዕራፍ 11ን ጎጃሜ ሆኖ ማንበብ ደግሞ የራሱ ጣዕም አለው። ሙሴ ለሕዝቡ የሚነግራቸው የምትገቡባት ምድር እንደ ወጣችሁባት እንደ ግብፅ አይደለችም ብሎ ነው። በግብፅ ዘር ዘርታችሁ እንደ አትክልት ቦታ በእግራችሁ ታጠጡ ነበር፤ ይህችኛዋ ግን ተራራና ሸለቆ ያለባት፣ ውኃዋን ከሰማይ ዝናብ የምትጠጣ ናት። ያ ግብፅን ያጠጣ የነበረ ውኃ ከየት ይወርዳል? የክረምቱ ሙላት አብዛኛው ከእኛ ደጋ ነው፤ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጎጃምን ዞሮ የሚሄደው ነው። የግብፅ ገበሬ ሰማዩ ደመነ አልደመነ ወንዙን ተማምኖ ያርሳል። ወንዙ የሚነሣበት የእኛ አገር ሰው ግን ዓባይ ከገደሉ ሥር እያገሣ ሲያልፍ ከላይ ሆኖ ያየዋል፤ ለማሳው ግን አንጋጦ ደመና ይጠብቃል። ስለዚህ ሙሴ የሚገልጻት ምድር የምትመስለው የእኛን ነው። ለእስራኤልም ሁለት ወቅት ዝናብ ነበረው፤ «ዮሬ» የሚባለው በጥቅምትና ኅዳር ገደማ መሬቱን ለእርሻ የሚያለሰልሰው፣ «ማልቆሽ» የሚባለው ደግሞ በመጋቢትና ሚያዝያ ፍሬውን የሚያሞላው። አንዱ ከቀረ እህል የለም።

እንግዲህ የተስፋይቱ ምድር ከግብፅ በምቾት አትበልጥም፤ አደጋዋ ይበዛል። ግብፅ ውስጥ ባሪያ ነበሩ ግን ወንዙ አይቀርባቸውም ነበር። እዚህ ነፃ ናቸው፣ ሰማዩ ግን በእጃቸው አይደለም። መስማትና በረከት የተያያዙት በዚህ ቦታ ነው። ሰው ዘሩን ከበተነ በኋላ የቀረው በእጁ እንዳልሆነ በሚያውቅበት አገር ሕዝቡ ቃሉን እየሰማ እንዲኖር ተጠየቀ። ይህን ለአባትህ ማስረዳት አያስፈልግህም፤ እርፍ የጨበጠ ሰው ያውቀዋል።

አባትህ አሥራት ያወጣል ብለሃልና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በብዙ ስብከት የሚዘለለው ይህ ነውና። «እግዚአብሔር ይባርክህ ዘንድ» የሚለው ሐረግ በዘዳግም የሕግ ክፍል ውስጥ ተደጋግሞ ይመጣል። የት የት እንደሚመጣ እንይ። በ14:29 የሦስተኛው ዓመት አሥራት በየከተማው ይከማችና ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሃ አደጉና መበለቲቱ መጥተው ይብሉ፣ ይጥገቡ፤ አምላክህ በእጅህ ሥራ ሁሉ ይባርክህ ዘንድ። በ15:10 ለድሃ ወንድምህ ስጠው፣ ስትሰጠውም ልብህ አይክፋ፤ ስለዚህ ነገር ይባርክሃልና። በ24:19 ደግሞ መከርህን ስታጭድ ነዶ ረስተህ ብትመጣ ልትወስደው አትመለስ፤ ለመጻተኛና ለድሃ አደግ ለመበለትም ይሁን፤ ይባርክህ ዘንድ።

ይህቺ የመጨረሻዋ ትገርመኛለች። ነዶውን የረሳው ሰው አስቦ አልሰጠም፤ ረስቶ ነው የመጣው። የሚጠበቅበት አለመመለስ ብቻ ነው። የዚህን ትርጉም ቃርሚያ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አጫጆቹ ካለፉ በኋላ ልጅ ያዘለች ሴት ጎንበስ ቀና እያለች የወደቀውን ስትለቅም፣ የማሳው ጌታ ዞር ብሎ ያያትና ያላየ መስሎ ይሄዳል። ሩት በቦዔዝ እርሻ ያደረገችው ያንን ነው። እንግዲህ በዘዳግም በረከት ከሰማይ ወደ ጎተራ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ በመበለቲቱ በኩል ዞሮ ነው የሚገባው። ሚልክያስ 3:10 «አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ፣ የሰማይን መስኮት ባልከፍት» የሚለውም ጎተራው የማን ምግብ እንደነበረ ከዘዳግም ጋር ተያይዞ ካልተነበበ ሎተሪ ይሆናል። እዚያው ምዕራፍ 5ኛ ቁጥር ላይ የሚከሰሱት የሠራተኛውን ደመወዝ የሚከለክሉ፣ መበለቲቱንና ድሃ አደጉን የሚያስጨንቁ ናቸው።

አሁን ወደሚያቃጥልህ ጥያቄ እንምጣ። የሰማው ሰው ለምን ይመታል? መጽሐፉ ይህን አይሸሽግም። የይሁዳውን ንጉሥ ኢዮስያስን ተመልከት። በ8 ዓመቱ ነገሠ፤ በነገሠ በ18ኛው ዓመት የሕጉ መጽሐፍ በቤተ መቅደስ ተገኝቶ ተነበበለት። ብዙ ሊቃውንት ያ መጽሐፍ ዘዳግም ወይም የዘዳግም ዋናው ክፍል ነው ይላሉ። ንጉሡ ሲሰማ ልብሱን ቀደደ፣ አገሪቱን ሁሉ በቃሉ መሠረት አስተካከለ። 2ኛ ነገሥት 23:25 ከእርሱ በፊት እንደ እርሱ ያለ ንጉሥ አልነበረም፣ ከእርሱም በኋላ አልተነሣም ብሎ ይመሰክርለታል። በ609 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት መጊዶ ላይ የግብፁ ፈርዖን ኒካዑ ገደለው፤ ገና 39 ዓመቱ ነበር። አያቱ ምናሴ ደግሞ ኢየሩሳሌምን በንጹሕ ደም የሞላ ሰው ነው፤ 55 ዓመት ነገሠ። ከይሁዳ ነገሥታት የእርሱን ያህል የቆየ የለም። የእናንተ ማሳና የጎረቤታችሁ ማሳ ማለት ነው።

ይህ ነገር የዜና መዋዕልን ጸሐፊ የከነከነው ይመስላል። በ2ኛ ዜና መዋዕል 35 ላይ ኢዮስያስ የሞተው ኒካዑ የነገረውን የእግዚአብሔር ቃል ስላልሰማ ነው ይላል፤ በምዕራፍ 33 ደግሞ ምናሴ በምርኮ ተጸጽቶ ተመለሰ ይላል። መጽሐፈ ነገሥት ሁለቱንም አይነግርህም፤ ነገሩን ሳይፈታ ነው የሚተወው። ወደ ኋላ አንብቦ ምክንያት የመፈለግ ፍላጎት በመጽሐፉ ውስጥም አለ ለማለት ነው። ግን አብሮት የሚቆም፣ የማይስማማው ሌላ ድምፅም አለ፤ ሁለቱንም የጻፉልን አባቶች አንዱን አልሰረዙም።

ናቡቴንም አስብ (1ኛ ነገሥት 21)። ንጉሥ አክዓብ የወይን ቦታህን ሽጥልኝ፣ ካልፈለግህም የተሻለ እተካልሃለሁ አለው። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ይህ ግትርነት አይደለም፤ ሕጉ ነው፤ ምድሪቱ ለዘለዓለም አትሸጥም ተብሏል። ርስት ምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው አላስረዳም። ናቡቴ ስለሰማ ሞተ። አሟሟቱን ደግሞ ልብ በል፤ ጾም ታወጀ፣ የከተማው ሽማግሎች ተሰበሰቡ፣ በሕዝቡ ፊት አስቀመጡት፣ ምስክር አቆሙበት፣ በድንጋይ ወገሩት። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነበር።

የአይሁድ ሊቃውንትም በተልሙድ ከባድ ነገር ያነሣሉ። በሕጉ ውስጥ «ዕድሜህ እንዲረዝም» የሚል ተስፋ በግልጽ ከተያያዘባቸው ትእዛዛት ሁለቱ እነዚህ ናቸው፤ አባትና እናትህን አክብር የሚለውና ከወፍ ጎጆ ጫጩት ስትወስድ እናቲቱን ልቀቃት የሚለው (ዘዳግም 22:6-7)። አንድ አባት ልጁን «ውጣና ጫጩቶቹን አውርድልኝ» ይለዋል። ልጁ ወጣ፣ እናቲቱን ለቀቀ፣ ጫጩቶቹን ያዘ፤ ሲወርድ ወደቀና ሞተ። ሁለቱንም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ እየፈጸመ! ረጅሙ ዕድሜ የታለ? ረቢ ያዕቆብ «ለትእዛዝ ዋጋው በዚህ ዓለም አይደለም» ብሎ ፈታው። አያቱ ኤሊሻ ቤን አቡያ ግን ከሃይማኖቱ የወጣው ይህን የመሰለ ነገር አይቶ ነው ይባላል። የአያቱ አወጣጥ ያሳዝነኛል፤ ጎረቤቶቻችሁ የሄዱበትን መንገድ ነው የሄደው፣ ብቻ ከሌላው ጫፍ ተነሥቶ። እነሱ «ተመትቷል፤ ስለዚህ በድሏል» አሉ። እሱ «አልበደለም፤ ተመትቷል፤ ስለዚህ ቃሉ ውሸት ነው» አለ። ሁለቱም ቃሉን እንደ ሚዛን ቆጥረውታል፤ በአንድ በኩል ሥራ ስትጥልበት በሌላው በኩል እህል የሚያነሣ።

ኢዮብን በሰፊው አላወራህም፤ ታውቀዋለህ። ሁለት ነገር ብቻ። መጽሐፉን የሚከፍተው የሰይጣን ጥያቄ «በውኑ ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራ በከንቱ ነውን?» የሚል ነው (1:9)፤ ያለ ጥቅም ነው ወይ? መታዘዝ ሁልጊዜ በጤፍ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ መልስ አይኖረውም ነበር። ሁለተኛው ኤልፋዝ ነው። በምዕራፍ 4 ሲጀምር በለሰለሰ ቃል «ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው?» ይላል፤ ገና መርሁን ብቻ ነው የተናገረው። ምዕራፍ 22 ሲደርስ ግን ኢዮብን የራበውን እንጀራ ከልክለሃል፣ መበለቶችን ባዶ እጃቸውን ሰድደሃል ይለዋል። ከየት አመጣው? ማንም አላየም፣ ማንም አልመሰከረም። መርሁ ትክክል እንዲሆን ኃጢአት መገኘት ስላለበት ፈጠረው። የነሐሴ ሚካኤል አረም በነሐሴ ማንንም አላስጨነቀም፤ የተፈለገው በረዶው ከወረደ በኋላ በመስከረም ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር ኤልፋዝን «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገርን ስለ እኔ አልተናገራችሁም» አለው (42:7)። እግዚአብሔርን ሲከላከሉ የነበሩት እነሱ ነበሩ፤ ሲከራከረው የነበረው ኢዮብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ሽማግሌ ይነሣና «ታዲያ ሐጌስ?» ሊልህ ይችላል። ይበል፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ520 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነቢዩ ሐጌ «በዋግና በአረማሞ በበረዶም መታኋችሁ» ይላል (2:17)፤ በረዶ በስሙ ተጠርቷል። አሞጽም በምዕራፍ 4 በአንዱ እርሻ ዘነበ፣ ሌላው ደረቀ፣ ግን አልተመለሳችሁም ይላል። ነቢያት ወደ ኋላ ያነባሉ ማለት ነው። አዎ፤ ነገር ግን ቃል ተቀብለው ነው፣ ለሕዝቡ ሁሉ ነው፣ አንድን ድሃ ከመንደሩ ለይተው ጣት አይቀስሩም። በተረፈ የአሞጽ ክስ ምን ነበር? በዓል መሻር አልነበረም። ድሃውን በአንድ ጥንድ ጫማ መሸጣቸው ነው (2:6)። በ8:5 የሚከሳቸው ነጋዴዎች እንዲያውም በዓሉን ያከብራሉ! ሰንበት መቼ ያልፍና ስንዴውን በትንሽ መስፈሪያ እንሸጣለን እያሉ ነው የሚቀመጡት። በ5:21 ዓመት በዓላችሁን ጠልቼዋለሁ ይላቸዋል።

በዓል አታክብሩ እያልኩ አይደለም፤ እኔም ሚካኤልን አከብራለሁ። ወንድምህም በእውነት አርሞ ከሆነ የንስሐ አባቱ ይጠይቁት፤ የእሱና የእሳቸው ጉዳይ ነው። ግን ዘዳግም 5:14 የሰንበትን ምክንያት ሲሰጥ ሎሌህና ገረድህ፣ በሬህና አህያህም ይረፉ ዘንድ ይላል። ዕረፍት የተሰጠው ለደከመው ነው። በረዶ ከመታው ቤት 1,000 ብር ማውጣት ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ሽማግሎቹ ይንገሩኝ። በዚያም ላይ ልጅ አደረገው የተባለውን የሚከፍለው አባት ነው፤ ዘዳግም 24:16 አባት ስለ ልጁ፣ ልጅም ስለ አባቱ አይገደል የሚል ሥርዓት አለው። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18ን በሙሉ የጻፈው አባቶች ጨርቋ ወይን በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚለውን ተረት ከእስራኤል አፍ ለማስጣል ነው። ሽማግሎቹ ፊደል ከቆጠሩ እነዚህን ሁለቱን አስነብባቸው፤ ክርክር አትግጠም፣ ምዕራፉን ብቻ ስጣቸው። እኔም ብሆን የምነግራቸው ከዚህ አያልፍም።

አባትህ ዳዊት የሚደግም ከሆነ ጸሎተ ነቢያትን አብሮ ይይዘዋልና ጸሎተ ዕንባቆምን ያውቀዋል። መጨረሻው በለስ ባታፈራ፣ በወይንም ፍሬ ባይገኝ፣ እርሻዎች መብልን ባይሰጡ፣ ላሞች በጋጥ ባይኖሩ ይልና «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» ብሎ ያበቃል። የዘዳግም 28ን የበረከት ዝርዝር አንድ በአንድ ባዶ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ይህን በራሱ አፍ ሲለው መስማት ሌላ ነው፤ አንተ እንዳትሰብክበት ግን። የተመታ ሰው ላይ ትክክለኛ ጥቅስም ቢሆን በረዶ ይሆናል። የኢዮብ ወዳጆች ከሠሩት ሁሉ መልካሙ የመጀመሪያው ነበር፤ ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት በምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ፣ አንድም ቃል አልተናገሩም (2:13)። የአባቴ ጎረቤቶች ይህን ማንበባቸውን እጠራጠራለሁ፤ አደረጉት ግን።

አንድ የቀረኝ ነገር። የኢዮብ መጨረሻ ሲተረክ ሁሉም የሚያስታውሰው 42:12 ነው፤ 14,000 በጎች፣ 6,000 ግመሎች፣ 1,000 ጥማድ በሬዎች፣ 1,000 እንስት አህዮች። ከእርሱ በፊት ያለውን ቁጥር 11ን አንብበው። ወንድሞቹና እኅቶቹ፣ ቀድሞ ያውቁት የነበሩትም ሁሉ ወደ ቤቱ መጡ፣ እንጀራ አብረውት በሉ፣ አጽናኑት፣ እያንዳንዳቸውም አንዳንድ ብርና አንዳንድ የወርቅ ቀለበት ሰጡት። የባረከው የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። የእናንተ መሬት መረሬ፣ ጥቁር አፈር፣ ከሆነ እርጥበቱ ገና አልሄደም፤ የጤፉን ግንድ ገልብጦ ሽንብራ ወይም ጓያ ለመዝራት ጥቂት ቀን አለ። ሽማግሎቹ ጋ ከመሄድህ በፊት ዘር ያለውን ሰው ፈልግ። ያ ማሳው ያልተነካበት ጎረቤታችሁ ዘንድም ሂድ፤ አንድ ቁና ሽንብራ አያጣም።